የሰዓት ኪስ

ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም። ያረጀ ልብስ በምላጭ እየተረተርኩ፣ የሰፋው ሰው እንዴት እንደገጠመው እያየሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ ተማርኩት። ፊደልም እንደዚያው ነው፤ ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ወሬዬ አንዳንዴ እዚህም እዚያም ቢረግጥ ታገሱኝ። ክሩ ይቋጠር ይሆናል እንጂ አይበጠስም።

ሱቄ ደቡብ ሱዳን፣ ጁባ ከተማ፣ ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር ነው። ሱቅ ስል የአንድ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ማለቴ ነው፤ በረንዳው ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪናዬ፣ ከመኪናዋ ጀርባ በመጋረጃ የተከለለች ልብስ መለኪያ፣ አንድ በርጩማ፣ አንድ መስታወት። የጎረቤቶቼ ጄኔሬተር ነዳጅ ጨርሶ ቀጥ ሲል የኔ መኪና ስትንኳኳ ይሰማሉ። «ሐበሺያ፣ ያንቺ ነዳጅ አያልቅም እንዴ?» ይሉኛል። «ፉል ካልተወደደ አያልቅም» እላቸዋለሁ። ተወዷል፤ ግን እነሱም እኔም እንስቃለን።

ከስራዬ ሁሉ የምወደው ነጭ ልብስ መስፋት ነበር። የነርሶችን። ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ተፈትነው፣ የሙያ ፈቃዳቸውን ይዘው፣ ሁለት ሦስት ሆነው እየተሳሳቁ ይመጣሉ። ስራ ከመፈለጋቸው በፊት ልብስ ያሰፋሉ። ሙሽራ ቬሎዋን ስትለካ አይቻለሁ፤ እንደነሱ ግን መስታወት ፊት የምትቆም አላየሁም። ዞረው ከኋላ ያዩታል፤ ጎንበስ ብለው በሽተኛ እንደሚያነሳ ሰው እጃቸውን ይዘረጋሉ። «ስናጎነብስ እንዳይቀደድ» ይሉኛል። እኔም ብብቱ ስር ደርቤ እሰፋለሁ።

ወራት ቆይቶ ያው ልጆች ያንኑ ልብስ ይዘው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ግን አንድ በአንድ ነው የሚመጡት፤ ሳቅም የለም። «ወገቡን ትንሽ አጥብቢልኝ» ይላሉ። ሰው ሲከሳ ከእናቱ ቀጥሎ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ ነው።

ከእነሱ ውስጥ አንዷን ልንገራችሁ።

የመጣች ቀን ብቻዋን ነበረች። ከቁመቷ የተነሳ የበረንዳዬን ቆርቆሮ ጎንበስ ብላ ነው ያለፈችው። ከነጋዴው የገዛችውን ነጭ ጨርቅ አቀበለችኝና በአረብኛ ሰላም አለችኝ፤ እኔም በተሰባበረው አረብኛዬ መለስኩ። ልኳን ልወስድ ስነሳ ትከሻዋ ጋ መድረስ አቃተኝ። በርጩማው ላይ ወጣሁ። «ወይ ጌታዬ፣ ይቺን ለማልበስ የሁለት ሰው ጨርቅ ሊፈልግ ነው» ብዬ ለራሴ አጉረመረምኩ።

እሷ ፊቷን ሳታዞር፣ ቀጥ ብላ እንደቆመች፣ «ካነሰ ከእርስዎ ቀሚስ ላይ ይቆረጣል ማዘር፤ በስፋት ተርፏል» አለችኝ። ጥርት ባለ አማርኛ!

ከበርጩማው ልወድቅ ነበር። በእጄ ትከሻዋን ይዤ ስስቅ እሷም ትስቃለች፣ ጨርቅ ነጋዴውም ምን እንደተባለ ሳያውቅ ይስቃል። ለካ ወላጆቿ ከዚህ አገር ጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ ገብተው ኖሯል፤ እሷ እዚያ ተወልዳ፣ በአማርኛ ተጫውታ፣ በአማርኛ ዘምራ አድጋለች። በኋላ ጁባ አጎቷ ዘንድ መጥታ ነርስነት ተማረች። «እንግዲያው የኔው ልጅ ነሽ» አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ እርስዎ ማለቷን ተወች። እናት እርስዎ አይባልም።

ልኳን ጨርሼ ስወርድ፣ «ማዘር፣ በግራ በኩል፣ ከትልቁ ኪስ በላይ አንዲት ጠባብ ኪስ ጨምሪልኝ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ለሰዓት። እጃችን ላይ አናስርም፤ ሁልጊዜ እንታጠባለን። ሕፃንም ስናነሳ ይቧጭረዋል። ከኪሴ አውጥቼ የልብ ትርታ እቆጥርበታለሁ።»

ማሰሪያው የተበጠሰ ትንሽ ሰዓት አሳየችኝ። በሰዓቱ ልክ ሰፋሁላት፤ እንዳይወድቅም አፉን ጠበብ አደረግኩት። ልብሱን ልትወስድ ስትመጣ ሰዓቷን ከታ፣ አንዴ ዘለለች። አልወደቀም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ብቅ አለችና ሆስፒታል መግባቷን ነገረችኝ። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት በመዳፏ ከደነችው። «ቆይ፣ በበጎ ፈቃድ ነው።»

ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚህ ከተማ አዲስ ነርስ ስራ የምትፈልገው እየሰራች ነው። ፈቃዷን አሳይታ ያለ ደሞዝ ትገባለች፤ መርፌ ትወጋለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ሌሊት ተራ ትይዛለች፣ ልክ እንደ ተቀጠሩት። ቅጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እዚያው ሲለፋ የቆየው ነው ይባላል። ስለዚህ መቅረት የለም። የታመመች እንኳ ትሄዳለች፤ የቀረችበት ቀን ተራዋ የሚያልፍባት ይመስላታል።

«ሆስፒታሉ ነርስ ሞልቶት ነው እንዴ?» አልኳት።

«ምን ሞልቶት! እኔ ያለሁበት የሕፃናት ክፍል አንድ አልጋ ላይ ሁለት ልጅ ነው የሚተኛው። በሽተኛ አለ፣ አልጋ አለ፣ እኔ አለሁ።» መዳፏን ገለበጠችው። «ደሞዝ ማፊ።» ማፊ በዚህ አገር አረብኛ የለም ማለት ነው፤ ከገባሁ ጀምሮ ከሁሉ አብዝቼ የሰማሁት ቃል ይኸው ነው።

የአጎቷ ቤት ሩቅ ነው፤ በእግሯ ነው የምትመጣው። ክረምት ነበርና መንገዱ ጭቃ ነው። ነጩን ልብስ በፌስታል አንጠልጥላ በሸበጥ ትመጣለች፣ ከጀሪካኔ ውሃ ቀድታ እግሯን ትታጠባለች፣ መጋረጃው ጀርባ ትለብሳለች፣ ነርስ ሆና ትወጣለች። ማዶ ያለችው የአገሬው ሻይ ሻጭ ገና ስታያት «ሲስተር!» ብላ ትጮሃለች። ልጁ ያተኮሰበት ሁሉ እየተጣራ በረንዳዬ ላይ ይሰበሰብ ጀመር። እሷም ከኪሷ ሰዓቷን አውጥታ፣ የልጁን ክንድ ይዛ፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች ትቆጥራለች። ያን ጊዜ መኪናዬን አቆማለሁ፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋባት።

ዳቦ በእንቁላል አስቀምጥላታለሁ። «በልቻለሁ ማዘር።»

«የበላ ሰው ዳቦ አይቶ ምራቁን አይውጥም።»

«ልብስ ሰፊ ነሽ ወይስ ጉሮሮ ሐኪም?» ትለኛለች። ከዚያ ትበላለች፤ ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ለሌላዋ ልጅ ትይዛለች። ሌላዋ ያልኳችሁ አብራት የገባች ነርስ ናት። መጀመሪያ ብዙ ነበሩ። አንዷ ትታ የስልክ ካርድ መሸጥ ጀመረች። አንዷ ወደ ገጠር ወላጆቿ ጋ ተመለሰች። ሌሎቹም ዛሬ አንዷ ነገ አንዷ ቀሩ። በመጨረሻ ያቺ ግማሽ ዳቦ የሚያዝላትም ቀረች። ያን ቀን ልጄ፣ «አሁን ከኛ ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቅጥር ቢመጣ ተራው የኔ ነው» አለችኝ፤ ፊቷ በራ። ወዲያው ደግሞ የተናገረችው ነገር ለራሷ ተሰማትና ዳቦውን አስቀመጠችው። የዚያን ቀን አልበላችም።

ጊዜዋ የተቆረጠ ነበር። አጎቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ የመንግስት ሰራተኛ ነው፤ የሱም ደሞዝ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል፣ ቤቱ ደግሞ በልጅ የተሞላ ነው። «ዝናቡ እስኪያቆም ሆስፒታሉን ሞክሪ። ካልሆነ ነጩን ልብስ አስቀምጪና የተገኘውን ስራ ያዢ» ብሏታል። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው። ግን ከዚያ በኋላ ልብ አልኩ፤ ጠዋት ጠዋት ሸበጧን እያወለቀች ሰማዩን ታያለች። ሰው ሁሉ ጭቃው በቃን እያለ ሲያማርር እሷ ዝናብ ትለምን ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ሜትሮን የሚሏት፣ ስለ ቅጥር በጠየቀቻት ቁጥር «ቡክራ» ትላታለች። ነገ ማለት ነው። «ማዘር፣ እዚህ አገር ቡክራ የሚባል ቀን አለ፣ በሳምንቱ ውስጥ ግን የለም» ትለኛለች። ወገቧን አንዴ አጠበብኩላት። ቆይቼ ደግሜ አጠበብኩ። ሁለተኛውን ጊዜ ስፌቱ ከትልቁ ኪስ ጫፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ዝናቡ መሳሳት ሲጀምር አንድ ወሬ መጣ። አንድ የውጭ ድርጅት የሕፃናት ክፍሉን ሊደግፍ ነው፤ ለተወሰኑ ነርሶች ደሞዝ ሊከፍል ነው ተባለ። ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ልብሷን በከሰል ካውያ ተኮስኩላት፤ ብናኝ እንዳይነካው ካውያውን ከነጩ አርቄ ነው ያራገብኩት። ከቃለ መጠይቁ ስትመለስ ገና ከመንገዱ ማዶ ጥርሷ ይታያል።

«ያልጠየቁኝ የለም፤ ያልመለስኩትም የለም። ሜትሮኗ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እንደውላለን ብለዋል!»

የዚያ እሁድ ነገር ነው እንግዲህ።

አማርኛ ተናጋሪዎች የምንሰበሰብበት አዳራሽ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው። እሷም ከኔ ጋር ትመጣለች፤ በልጅነቷ የዘመረችውን መዝሙር እዚህ አግኝታው። በእኛ ዘንድ የምስክርነት ሰዓት አለ። ጌታ ያደረገለትን የሚናገር ሰው ይነሳል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ከዚህም ሌላ፣ ገና ያልተቀበሉትን እንደተቀበሉ ቆጥሮ ማመስገን አለ። በእምነት መመስከር እንለዋለን። ብዙ ሰው እንዲህ አመስግኖ ተቀብሏል፤ ይህን ላቃልል አልፈልግም፤ እኔም እንዲያ ያገኘሁት ነገር አለ።

የጸሎት ቡድናችን መሪ በርበሬና ቅመም የምትነግድ፣ ድምፅዋ ያለ ማይክ አዳራሽ የሚሞላ እህት ናት። ከበሩ ላይ ያዘቻት።

«ምን ብለው ሸኙሽ?»

«እንደውላለን ብለው።»

«በቃ፣ ተሰጥቶሻል! የቀረው ማመስገን ነው።»

«ሲደውሉልኝ ባመሰግንስ?»

«ሲደወልማ ማን የማያመሰግን አለ? እኔ የመኖሪያ ፈቃዴን ሳልይዝ ቆሜ አመሰገንኩ፤ በሳምንቱ እጄ ገባ። ብቻ ስትናገሪ ‹ምናልባት› የለ፣ ‹ከሆነ› የለ። ጥርጣሬ ከገባ ያመልጥሻል፤ ሰምተሻል?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ውጭ ፀሐይ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠብ ያላለበት ቀን። እኔም እንደሷ ተስፋ ርቦኝ ነበርና ራሴን ነቀነቅኩ።

ተነሳች። ቁመቷ ረጅም ስለሆነ የኋላው ሰው ሁሉ ያያታል። «ጌታ ሆስፒታል ውስጥ ስራ ሰጥቶኛል» አለች። «ያለ ደሞዝ የደከምኩትን አይቷል። ክብር ለእሱ ይሁን።»

እልልታው ቆርቆሮውን አናጋው። ሰው ያለቅሳል፤ ስንቱ የሷን ዓይነት ልጅ ቤቱ አስቀምጧል። ከአምልኮ በኋላ ተሰልፈው አቀፏት። ከተሰለፉት ውስጥ አንድ ሰውዬ ነበር፤ የአገራችን ሰው፣ ጤና መኮንን፣ ቡሉክ የሚባል ሰፈር ትንሽ ክሊኒክ ያለው። እሁድም በሽተኛ ስለማያጣው በሚስቱ ጉትጎታ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚመጣው። እጇን ጨብጦ «እንኳን ደስ ያለሽ፤ ይገባሻል» አላት። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈት አደረገና ተወው። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ስልኩ አልደወለም።

መኪናዬ አጠገብ አስቀምጣው ትለብሳለች፣ አስቀምጣው ዳቦ ትበላለች። ሲያንቃጭል ሁለታችንም እንዘላለን፤ አጎቷ ነው፣ ወይም በስህተት የደወለ ሰው ነው። በመጨረሻ ሜትሮኗ ራሷ ጠርታ ነገረቻት። ገንዘቡ ከሚመጣበት አገር ሳይነሳ ቀርቷል፤ ድርጅቱ አይመጣም፤ የተቀጠረም የሚቀጠርም የለም። «ግን አንቺ አትቅሪ፣ ክፍሉ ያላንቺ አይሆንም» አለቻት። ልጄ ይህን ስትነግረኝ የሜትሮኗን ድምፅ አስመስላ ነበር፤ ግን አልሳቅንም።

እሁድ ሲደርስ፣ «ተነሺና እውነቱን ንገሪያቸው። ይጸልዩልሻል፤ የሚያውቀው ነገር ያለ ሰው ካለም ይረዳሻል» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«እንዳልሆነ ነዋ።»

«ማዘር፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ነው ያመሰገነልኝ። አሁን ተነስቼ ሰጥቶኝ ነበር፣ መልሶ ወሰደ ልበል? ወይ እሱን ውሸታም ነው የማደርገው፣ ወይ እኔን እምነት የለሽ ይሉኛል።»

ለጸሎት መሪያችንም ነገሩን በጆሮዋ ብትነግራት፣ «ዘገየ እንጂ አልቀረም። አፍሽን ጠብቂ» አለቻት። ሴትየዋ በክፋት አይደለም፤ ስለሷ ጾማለች፣ አይቻለሁ። ብቻ ልጄ አፏን ጠበቀች። እናም በአዳራሹ ውስጥ ሰራተኛ ሆነች። «ስራ እንዴት ነው?» ይሏታል፣ «ጌታ ይመስገን» ትላለች። «የእህቴ ልጅ ታማለችና አልጋ አሲዢልን» የሚላት መጣ፤ ሮጣ አስያዘች። ለጣሪያው መዋጮ ሲጠየቅ ዓይን ሁሉ ወደሷ ዞረ፤ የሰራተኛ ዓይን አፋርነት መስሏቸው አለፏት። አንገቷን ደፍታ መሬት የምታየው ለምን እንደሆነ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው። ከዚያ ወዲያ እሁድ ተራ ነኝ እያለች መቅረት ጀመረች።

አንድ ቀን ያ የክሊኒክ ባለቤት በረንዳዬ መጣ። ተቀምጦ ላቡን ጠረገና የነርስ ልብስ እንዳዘጋጅለት ነገረኝ። የነርሷን ልክ የጻፈበትን ወረቀት ሰጠኝ፤ አጭር ሴት ናት።

«አዲስ ሰው ቀጠርክ?» አልኩት። አፌ ውስጥ መርፌ ነበር፤ ጨርቅ እያያዝኩ።

«አዎ፣ የአገሬው ልጅ ናት፤ ጎበዝ ትመስላለች። አማርኛ ግን አትችልም፤ ከኛ ሰዎች ጋር እኔው ነኝ የማስተረጉምላት።» ሳቅ አለ። «እውነቱን ልንገርሽ? እኔ ልወስድ የነበረው ያቺን ያንቺን ረጅሟን ነበር። አረብኛውን ታውቃለች፣ አማርኛውን ታውቃለች፣ ለኔ ክሊኒክ የተፈጠረች ናት። ያን እሁድ የመጣሁት ላነጋግራት ነበር እኮ። ስትመሰክር ስሰማ፣ ጌታ ከኔ የተሻለ ከሰጣት እኔ ማን ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።»

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፌ አወጣሁ።

«አልተቀጠረችም» አልኩት።

«ማ?»

«እሷ። ያኔም አልተቀጠረችም፣ አሁንም አልተቀጠረችም። ያለ ደሞዝ ናት።»

«እንዴ! ታዲያ ምን ብላ መሰከረች?»

«በእምነት ነበር።»

ሰውዬው ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ፣ አየው፣ መልሶ ሰጠኝ። «ለዚችኛዋ ቃል ሰጥቻለሁ። እሷም ያለ ደሞዝ ስትንከራተት የቆየች ናት፤ ልጅ አላት። ሰኞ ትጀምራለች። ምን ላድርግ? ሁለት ነርስ የማኖርበት አቅም የለኝም።» ምን እንዲያደርግ እመኝ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ያቺን አጭሯንም ሳስባት፣ እሷንም የሆነ ሰው ወገቧን አጥብቦላታል።

ልብሱን መስፋት ነበረብኝ፤ ሰፋሁት። ግድግዳው ላይ ሰቅዬው ሳለ ልጄ ከሆስፒታል ስትወጣ መጣች። አጠር ያለውን ነጭ ልብስ አየችና ጫፉን ያዘችው።

«ይቺ ድንክ ደግሞ ማን ናት?» አለች ሳቅ ብላ።

ልዋሽ ፈለግኩ፤ ግን አንድ ቀን ከሌላ ሰው ብትሰማው ይብሳል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሰውዬው ያን እሁድ ለምን እንደመጣ፣ ምን ሰምቶ እንደተመለሰ። እሷ የልብሱን ጫፍ እንደያዘች ነበር። በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ጉልበቶቿ አገጯ ላይ ሊደርሱ ሆነ። ማዶ ሻይ ሻጭዋ ኩባያ ታጥባለች። ቀና ብላ ልብሱን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ማዘር፣ የሰዓት ኪሱን ረሳሽው።»

«እሱ አላዘዘም።»

«እሱ ምን ያውቃል! ስሪላት። ሁልጊዜ ትታጠባለች።»

ከተቆረጠው ራፊ ላይ አንስቼ ሰራሁ። እሷ ጎኔ ቆማ «ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ላይ፤ እጇ አጭር ነው» እያለች ቦታውን አሳየችኝ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። የኔ እግር ነበር መርገጫው ላይ መንገድ የጠፋበት።

ዝናቡ አቆመ። ከአንድ ቀን ወደ ሌላው ጭቃው አቧራ ሆነ። አጎቷ ቃሉን አላስረዘመም፤ እሷም እንዲያስረዝም አልለመነችም። አማራት በሚባለው ሰፈር አንድ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ ፈልጎ ነበርና ሄደች። አልጋ አንጥፊ ብለው ፈተኗት። በሆስፒታል አነጣጠፍ፣ አንሶላውን አራቱንም ጥግ አጥፋ ወጥራ ብታነጥፍ አዛዥዋ ሌሎቹን ሴቶች ጠርታ አሳየቻቸው። «እንዲህ ነው አልጋ ማለት!» ብላ። «አየሽ ማዘር፣ ትምህርቴ አልባከነም» አለችኝ። እንደዚያ ስትል ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ሆቴሉ ልብስ አይሰጥም፤ ነጭ ሆኖ ኮሌታው ሰማያዊ ይሁን ይላል። አዲስ የምታሰፋበት የላትም። አንድ ጠዋት ያንን ልብስ በፌስታል ይዛ መጣች። ታጥቦ ተተኩሷል።

«ኮሌታውን ቀይሪልኝ። ይቺን ኪስ ደግሞ ተርትሪያት።»

«ኪሷ ምን አደረገችሽ? ትኑር።»

«እንግዶቹ ሰዓት ይረሳሉ። ኪሴ ውስጥ ሰዓት ሲያዩ የማን ነው ይሉኛል። አዛዥዋ ናት ያለችኝ።»

ምላጬን አወጣሁ። ስፌት የተማርኩት በመተርተር እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ፤ በዕድሜዬ የተረተርኩት ክር ጁባን ይዞራል። የገዛ እጄን ስፌት ግን እንደዚያ ቀን ጠንክሮ አላገኘሁትም። እንዳይወድቅባት ብዬ ደርቤ ሰፍቼው ነበር። ክሩን አንድ በአንድ እየመዘዝኩ ሳለሁ እሷ ሻይዋን ይዛ ታያለች። ዳቦውን ያለ ክርክር በላችው፤ ለማንም አላስተረፈችም።

ኪሷ ለቀቀች። ከስሯ ያለው ጨርቅ እንደተገዛበት ቀን ነጭ ነው። ዙሪያው ግን በጁባ ውሃና ፀሐይ ገርጥቶ ቢጫ መቷል። የልብሱ ደረት ላይ የሰዓቷ ልክ የሆነች አራት ማዕዘን ቁልጭ ብላ ወጣች። አየችው። በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይታያል አይደል?» አለችኝ።

ጨርቅ አውቃለሁ። እንዲህ ያለው ነገር አይለቅም።

«ከታጠበ ይጠፋል» አልኳት።

ዓይኗን ከልብሱ ሳታነሳ፣ «በእምነት ነው ማዘር?» አለችኝ።

ሰማያዊውን ጨርቅ ፈልጌ ኮሌታውን መቁረጥ ጀመርኩ። ማዶ ሻይ ሻጭዋ ልጅ ያቀፈች ሴት አጠገቧ አቁማ «ሲስተር! ሲስተር!» ትላለች። ልጄ ሰምታለች፤ ትከሻዋ ሲሰበሰብ አይቻለሁ። ፌስታሉን ጉልበቷ ላይ እያጣጠፈች፣ ደግማ እየዘረጋች፣ ኮሌታው እስኪያልቅ ጠበቀች። ቀና አላለችም።